ማቅለልና ማቃለል
ሕፃናትን በቤት ውስጥ ሳይንስ ስለ ማስተማር የቀረበ አሳብ



በቅርቡ ከሰሜን አሜሪካ፣ ከሜሪላንድ፣ አንድ ደብዳቤ ደረሰን። ጸሐፊዋ ከዓመታት በፊት ትምህርተ ክርስቶስ ያስተማርናት፣ ዛሬ ባለትዳርና የሦስት ልጆች እናት የሆነች ልጃችን ናት። እርሷና ባለቤቷ የሰባትና የአምስት ዓመት ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት ሳይልኩ በቤታቸው ያስተምራሉ፤ ሦስተኛው ገና ጡት ያልተወ ሕፃን ነው። ባል ቀን ይሠራል፤ ሚስት ደግሞ በሳምንት ሦስት ሌሊት በአረጋውያን መጦሪያ በሥራ ታድራለች። ንባቡና ሒሳቡ እንደ ምንም እየተገፋ ነው፤ ያስጨነቃቸው ሳይንስ ነው። በዚያ አገር በቤት ለሚማሩ ልጆች የተዘጋጁ የሳይንስ መጻሕፍት በብዛት ይሸጣሉ። ከእነዚህም መካከል «ሁሉን በአንድ» የሚባሉት፣ ማለትም የመምህሩን ንግግር፣ የተማሪውን መልመጃ፣ የሙከራውን ዕቃና የዓመቱን ዕቅድ ባንድነት አሰናድተው የሚያቀርቡት፣ የደከመ ወላጅን ዐይን ይስባሉ።

ልጃችን እንዲህ ስትል ጻፈችልን፦ «አባ፣ ሌሎች እናቶች የራሳቸውን ዕቅድ አውጥተው፣ ልጆቻቸውን በየጫካው እያዞሩ ሲያስተምሩ አያለሁ። እኔ ያን አልችልም። ሳይንስ ከተማርኩ ብዙ ዘመን ሆኖኛል፤ የተማርኩትም ከፈተናው በኋላ ጠፍቶብኛል። ከፍቼ የማነበውን፣ ሁሉን የያዘውን፣ ቀላሉን አንዱን ገዝቼ ልገላገል ብዬ አሰብኩ። ነገር ግን ስንፍና እንዳይሆንብኝ ፈራሁ። ልጆቹን የሰጠኝ እግዚአብሔር ቢጠይቀኝ ምን እመልሳለሁ?»

ነገሩ የመጽሐፍ ምርጫ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን የኅሊና ጥያቄ ነው። እኛም ደብዳቤውን መጀመሪያ ባነበብን ጊዜ ስለ ሰፊው መንገድና ስለ ጠባቡ በር ልንጽፍላት ብዕራችንን አንሥተን ነበር። ወዲያው ግን የገዛ መደርደሪያችን ታየን። ቅዳሜ ማታ ደክሞን ሳለ፣ ለእሑዱ ስብከት የምናነሣቸው ሁሉን በአንድ የያዙ መጻሕፍት በዚያ ተደርድረዋል። ስለዚህ ከመፍረድ ተቈጥበን ነገሩን ረጋ ብለን ልንመረምረው ወደድን። ለእናንተ ማካፈል ይገባል ያልንበትም ምክንያት ጥያቄው የእርሷ ብቻ ስላልሆነ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአገራችን ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ፣ ስንቱ ወላጅ ሳያስበው የቤት መምህር እንደ ሆነ እናስታውሳለን። ከእናንተስ ከመምህራኑ መካከል ቀላልና የተሟላ መጽሐፍ ተመኝቶ የማያውቅ ይኖራልን?

የወላጅ አደራ

ልጆችን በቤት ስለ ማስተማር አገሮች አንድ ዓይነት ሕግ የላቸውም። በጀርመን ልጅን ወደ ትምህርት ቤት መላክ ግዴታ ነው፤ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር በቤት ማስተማር አይፈቀድም። በአሜሪካ ግን ከ1993 ጀምሮ በሁሉም ግዛቶች የተፈቀደ ነው (ከዚህ ጀምሮ የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)፤ ሥርዓቱ ብቻ ከግዛት ግዛት ይለያያል። ልጃችን በምትኖርበት በሜሪላንድ ወላጆች በቤት ከሚያስተምሯቸው ትምህርቶች አንዱ ሳይንስ እንዲሆን ደንቡ ያዛል። እንግዲህ ልተወው ብትልም አትችልም።

ቤተ ክርስቲያንስ ምን ታስተምራለች? ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ ወላጆች የልጆቻቸው ቀዳሚና ዋነኛ አስተማሪዎች መሆናቸውን አስገነዘበ። በ1983 የወጣው የቤተ ክርስቲያን የሕግ መጽሐፍም ይህን መብትና ግዴታ አጽንቶታል። ነገር ግን እናስተውል፤ ጉባኤው ወላጆችን «ዋነኛ» አላቸው እንጂ «ብቸኛ» አላላቸውም። እንዲያውም ያው መግለጫ ቤተሰብ ይህን ኃላፊነት ለመወጣት የመላውን ኅብረተሰብ እርዳታ እንደሚሻ ይናገራል። በጥሩ መምህር የተጻፈ መጽሐፍ ከዚህ እርዳታ አንዱ ነው፤ ጸሐፊው ፊቱን አይቶት ለማያውቀው ልጅ የደከመ ሰው ነውና።

ስለዚህ አደራን መወጣት ማለት ሁሉን በገዛ እጅ መሥራት ማለት አይደለም። እናት እህሉን ራስዋ ሳትዘራ፣ ሳታጭድ፣ ልጅዋን ትመግባለች፤ የምታጎርሰው ምን እንደ ሆነ ግን ታውቃለች። ልጃችን ከእግዚአብሔር የሚመጣባትን ጥያቄ ስትፈራ ልትፈራው የሚገባት መጽሐፍ መግዛትዋን ሳይሆን፣ የገዛችውን ሳትመረምር መስጠትዋን ነው።

ማቅለል የፍቅር ሥራ ነው

ቋንቋችን «ቀለለ» ከሚለው ግስ ሁለት የተቀራረቡ ቃላት አውጥቶልናል። «ማቅለል» ሸክምን ማሳነስ፣ ነገርን በአቅም ልክ ማድረግ ነው። «ማቃለል» ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ችግርን ማስወገድ ማለት ቢሆንም፣ ሰውን ወይም ነገርን መናቅ፣ ክብሩን ማሳነስ ማለትም ይሆናል። የያዝነው ጥያቄ መፍቻ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለ ይመስለናል።

ማቅለል ከጥንት የመምህራን ልማድ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ የቆሮንቶስን ምእመናን በእምነት ገና ሕፃናት ስለ ነበሩ ወተት እንጂ ጠንካራ ምግብ እንዳልሰጣቸው ይጽፍላቸዋል (1ቆሮ 3፣2)። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የኔታ ልጁን በቅኔ አይጀምሩትም፤ በፊደል ጀምረው፣ በንባብ አሻግረው፣ ዳዊት ያስደግሙታል። ጌታችንም ስለ መንግሥተ ሰማያት ሲያስተምር የሰናፍጭ ቅንጣትና በዱቄት ውስጥ የተሸሸገ እርሾ ይዞ ተነሣ እንጂ ሰሚዎቹ ሊደርሱበት በማይችሉት ቃል አላስጨነቃቸውም (ማቴ 13፣31-33)። ከፍ ያለውን ነገር ዝቅ ብሎ ማሳየት ለተማሪው የሚደረግ ትሕትና ነው።

ማቅለል ለወላጁም የተገባ ነው። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ አስተዋይነት መልካሙን ግብ ማወቅ ብቻ ሳይሆን ወደ ግቡ የሚያደርሰውን ተገቢ መንገድ መምረጥም መሆኑን ያስተምራል። ሌሊቱን አረጋውያን ስታገላብጥ ያደረች እናት በየሳምንቱ ዐሥር ዓይነት ዕቃ ከየሱቁ የሚያስለቅም፣ ምሽቱን ሙሉ የሚያስጠና ዕቅድ ብትይዝ ምን ይደርስባታል? በመጀመሪያው ሳምንት ትበረታለች፤ በሁለተኛው ትጨነቃለች፤ በሦስተኛው ልጆቹን ትቈጣለች፤ በአራተኛው መጽሐፉ መስኮት ላይ አቧራ ይጠጣል። ልጆቹም ከሁሉ በላይ የሚማሩት ሳይንስ የእናታቸውን ፊት የሚያጠቍር ነገር መሆኑን ነው። ከዚህስ ሐሙስ ጠዋት በእርጋታ የሚነበብ ሁለት ገጽ ይሻላል። ለዚህ ዕድሜ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ግማሽ ሰዓት ያህል ይበቃል እንላለን። የሰባት ዓመቱንና የአምስት ዓመቷንም ለየብቻ ማስተማር አያስፈልግም፤ ባንዱ ርእስ ላይ አብረው ይቀመጡ፤ ታላቁ ይጻፍ፣ ታናሿ ትሣል።

አድካሚ መሆኑ ብቻ አንድን ሥራ መልካም አያደርገውም። ከጎረቤት ጋር እየተፎካከሩ በልጅ ላይ ሸክም መጫን በጥረት ስም የተሸፈነ ትዕቢት ሊሆን ይችላል። ልጃችን «እኔ ያን አልችልም» ብላ መጻፍዋን ስንፍና ብለን አልተረጐምነውም፤ የራስን ልክ ማወቅ የትሕትና መጀመሪያ ነውና።

እውነትን ማቃለል

ይሁን እንጂ ቀላል ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ የሚያቀልል አይደለም፤ የሚያቃልልም አለ። በቅድሚያ ሊቃለል የሚችለው እውነት ነው።

በአሜሪካ ለክርስቲያን ቤተሰብ ተብለው ከሚሸጡት የሳይንስ መጻሕፍት መካከል በርከት ያሉት የሚዘጋጁት ኦሪት ዘፍጥረትን እንደ ዘመን መቍጠሪያ ቃል በቃል በሚወስዱ የፕሮቴስታንት ማኅበረሰቦች ነው። በእነዚህ ዘንድ ምድር ከስድስት እስከ ዐሥር ሺህ ዓመት ያህል ብቻ እንዳላት ለሕፃናት ይነገራል። የእነዚህን ወንድሞቻችንን ቅንነት አንጠራጠርም፤ የጸሎት ቃል ያለበት ገጻቸውም እናትን ያጽናናታል። ነገር ግን ሽፋኑ ላይ መስቀል ስላለ የውስጡ ነገር ሁሉ የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ነው ማለት አይደለም። የዓለቶችን ዕድሜ የመረመሩ ሊቃውንት ምድር 4 ነጥብ 5 ቢሊዮን ዓመት ያህል እንዳላት ያስረዳሉ። ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያንም ልጆችዋ ይህን እንዲክዱ አትጠይቅም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ ዐሥራ ሁለተኛ በ1950 ባወጡት መልእክት፣ ነፍስ በቀጥታ ከእግዚአብሔር መፈጠርዋን አጽንተን እስከ ያዝን ድረስ፣ የሰው አካል ከቀደመ ሕያው ነገር ስለ መምጣቱ ሊቃውንት እንዲመራመሩ ፈቅደዋል።

እዚህ ላይ የራሳችንን በደል ልንናገር ይገባናል። ከዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ወጥተን ማስተማር በጀመርንበት ዘመን፣ ስለ አዳምና ሔዋን እያስተማርን ሳለ አንድ የዘጠኝ ዓመት ገደማ ልጅ እጁን አነሣና «አባ፣ ድንቅነሽ የአዳም ልጅ ናት ወይስ አዳም የድንቅነሽ ልጅ ነው?» ሲል ጠየቀን። ድንቅነሽ በ1974 በአፋር፣ በሐዳር የተገኘች፣ 3 ነጥብ 2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ያስቈጠረች መሆንዋን ልጁ ከትምህርት ቤት ሰምቶ ነበር። እኛ የጸሎት ሰዓት ደርሶብን፣ የያዝነውም መጽሐፍ ስለዚህ አንድ ቃል ስላልነበረበት፣ «እንዲህ ያለ ጥያቄ በዚህ ቦታ አይጠየቅም» ብለን አለፍነው። ልጆቹ ሳቁበት። ከዚያ ቀን በኋላ ልጁ በየሳምንቱ መምጣቱን አላቋረጠም፤ እጁን ግን ዳግመኛ አላነሣም። ጥያቄው ከባድ ነበር፤ «አላውቅም፤ አጥንቼ እነግርሃለሁ» ማለት ግን ቀላል ነበር። ቀላሉን እውነተኛ መልስ ትተን ቀላሉን ሐሰተኛ መንገድ መረጥን። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ሲሉ አባቶቻችን ያስጠነቀቁት ለእንደኛ ዓይነቱ ነው።

ቅዱስ አውግስጢኖስ ኦሪት ዘፍጥረትን በተረጐመበት መጽሐፉ፣ ስለ ሰማይና ስለ ምድር የሚታወቀውን ነገር ክርስቲያን ሳያውቅ በመጽሐፍ ቅዱስ ስም ቢናገር፣ የሚያውቁት ሰዎች ስለ ትንሣኤና ስለ ዘለዓለም ሕይወት የሚነግራቸውንም አያምኑትም ሲል ከ1,600 ዓመት በፊት አስጠንቅቋል። ልጅም እንዲሁ ነው። በሰባት ዓመቱ በእናቱ አፍ የሰማው ነገር ሐሰት መሆኑን በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ቢደርስበት፣ ከዚያው አፍ የሰማውን የአቡነ ዘበሰማያትንም ነገር ይጠራጠራል። የሚጸጽተው መጽሐፉ መጥፎ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ የእናት ቃል መታመን ማጣቱ ነው።

ቤተ ክርስቲያንም ከዚህ ተምራለች። በ1633 በጋሊሌዮ ላይ የተላለፈውን ፍርድ በተመለከተ፣ በዘመኑ የነበሩት የነገረ መለኮት ሊቃውንት መሳሳታቸውን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1992 በግልጽ ተናግረዋል። በሌላ በኩል ለልጆቻችን የምንነግረው መልካም ታሪክ ሞልቶናል። የምድር ንጣፎች የታችኛው ከላይኛው እንደሚቀድም በ1669 ያስረዳው ኒኮላስ ስቴኖ በኋላ ካህንና ጳጳስ ሆኗል፤ በ1988ም ብፁዕ ተብሏል። ጽንፈ ዓለም እየሰፋ የሚሄድ መሆኑን በ1927 የጻፈው ቤልጅጋዊው ዦርዥ ለሜትር ካህን ነበር። የእነዚህ አባቶች እምነት ዓለቱንና ከዋክብቱን ከመመርመር አላገዳቸውም።

ተቃራኒውም ስሕተት አለ። አንዳንዱ መጽሐፍ ሳይንሱን በመልካም አስረድቶ ሲያበቃ፣ ከልኩ አልፎ «እንግዲህ ፈጣሪ አያስፈልግም» ይላል። ይህ የሳይንስ ቃል አይደለም፤ ሚዛን ክብደትን ይነግረናል እንጂ እህሉ ለማን እንደ ተዘራ አይነግረንም። እናት እንዲህ ያለ ገጽ ብታገኝ መጽሐፉን ማቃጠል የለባትም፤ አንብባ «ይህን የሚለው መለኪያው ሳይሆን ሰውዬው ነው» ብላ ለልጅዋ ብታስረዳው ትልቅ ትምህርት ይሆነዋል።

ልጁንና ራስን ማቃለል

ልጁም ራሱ ሊቃለል ይችላል። መስመር ላይ የጐደለውን ቃል ሙላ፣ ትክክለኛውን አክብብ፣ ሥዕሉን ቀለም ቀባ የሚል ብቻ የሆነ መጽሐፍ ለማስተማርም ለማረምም ቀላል ነው። ነገር ግን ልጅን እንደ ባዶ እንስራ ይቈጥረዋል። ሕፃን ሳይጠይቁት የሚጠይቅ ፍጥረት ነው፤ «ጨረቃ ለምን ትከተለናለች?» የሚለው ማንም ሳያስተምረው ነው። መጽሐፍ ይህን ጥያቄ የሚያስታጥቅ እንጂ የሚያስፈታ መሆን የለበትም።

በመጨረሻም ወላጅ ራሱን ሊያቃልል ይችላል። አንዳንዱ ሁሉን በአንድ የሆነ ዝግጅት የተቀረጸ ትምህርት አለው፤ ልጁ ማያው ፊት ተቀምጦ ይሰማል፣ መልሱን ይጫናል፣ ማሽኑ ያርመዋል። እናት ልብስ ታጥባለች፣ ወይም ካደረችበት ሥራ መልስ ጥቂት ትተኛለች። ለአንድ ቀን ይህን ማድረግ በደል ነው አንልም፤ የደከመ ሰው ይረፍ። ልማድ ሲሆን ግን ልጆቹ በቤታቸው እየተማሩ ቤታቸው የሚያስተምራቸው ያጣሉ። መጽሐፉ የእናትን ድካም ሊሸከምላት ይችላል፤ በልጅዋ አጠገብ መቀመጥዋን ግን ሊተካው አይችልም። ልጅ የሚደነቅ ሰው አይቶ መደነቅን ይማራልና።

ሁሉን በአንድ ማግኘት ይቻላልን?

ሁሉን የማወቅ ምኞት ክፉ አይደለም። መጽሐፈ ጥበብ ሰሎሞን ስለ ዓለም አሠራር፣ ስለ ዘመናት መለዋወጥ፣ ስለ ከዋክብት፣ ስለ እንስሳት ጠባይና ስለ ዕፀዋት ዕውቀት ከእግዚአብሔር እንደ ተሰጠው ይናገራል (ጥበብ 7፣17-20)። በ1941 የተፈጥሮ ሳይንስ ሊቃውንት ጠባቂ ተብሎ የተሰየመው ታላቁ ቅዱስ አልቤርቶስም ስለ ዕፀዋት፣ ስለ እንስሳትና ስለ ማዕድናት ጽፏል። እውነት ሁሉ ምንጩ አንድ ስለ ሆነ፣ ዕውቀትም ባንድነት መያዙ ያስደስታል።

ነገር ግን ሁሉን በአንድ የያዘ መጽሐፍ እንደ አገር ካርታ ነው። ካርታ የት ምን እንዳለ ያመለክታል፤ ካርታውን የጨረሰ ሰው ግን አገሩን አላየም። በአንድ ዓመት ውስጥ ከነፍሳት ወደ ከዋክብት፣ ከአጥንት ወደ እሳተ ገሞራ የሚያሯሩጥ መጽሐፍ እናትን «ዛሬ ገጽ 84 ላይ መድረስ ነበረብን» በሚል ጭንቀት ያስራታል። አውግስጢኖሳዊው መነኩሴ ግሬጎር ሜንዴል በብርኖ ገዳም ከ1856 እስከ 1863 ድረስ የመረመረው አተርን ነበር። ወደ 28,000 የሚጠጉ ተክሎችን ዘርቶ፣ አበባቸውንና ፍሬያቸውን ቈጥሮ፣ በ1866 ያሳተመው ጽሑፍ የዘር ውርስ ጥናት መሠረት ሆነ። በአንዲት ትንሽ ነገር ላይ ታግሦ መቈየት ሁሉን ከመንካት ይልቅ ወደ ሁሉ እንደሚያደርስ ከዚህ እንረዳለን። ስለዚህ ልጃችን ምዕራፍ ብትዘል፣ ልጆቹ በወደዱት ምዕራፍም አንድ ወር ብትቈይ ነጻ ናት። መጽሐፉ አገልጋይዋ ነው፤ ጌታዋ አይደለም።

በሊጡ ፊት

የቤት ትምህርት ትልቁ ሀብት በሣጥን ተጭኖ አይመጣም። ልጃችን በዚያ አገርም እንጀራ እንደምትጋግር ነግራናለች፤ እንግዲህ የሙከራ ክፍል በቤትዋ አለ ማለት ነው። ዱቄቱ በውኃ ተቦክቶ እርሾ ሲጨመርበት፣ ዐይን የማያያቸው ጥቃቅን ሕያዋን በሊጡ ውስጥ ያለውን ስኳር እየተመገቡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን አየር ያወጣሉ። ሊጡ ኩፍ የሚለው በዚህ ነው፤ ምጣድ ላይ ሲወርድም አየሩ ወደ ላይ ፈንድቶ ሲወጣ የእንጀራው ዐይን ይሆናል። እናቶቻችን ይህን ሥራ ከጥንት ያውቁታል፤ ለልጅ ግን «ለምን?» ብሎ ያልነገረው ብዙ ነው።

እናት ሁለት ተመሳሳይ ብርጭቆዎች ወስዳ፣ እኩል ሊጥ ጨምራ፣ የሊጡን ልክ በብርጭቆው ላይ ታመልክት። አንዱን ሞቅ ያለ ቦታ፣ ሌላውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ታስቀምጥ። ከዚያ በፊት ግን ልጆቹን «የትኛው ቀድሞ ኩፍ የሚል ይመስላችኋል?» ብላ ትጠይቅ፤ የገመቱትንም ይጻፉ። በየጥቂት ሰዓቱ ይመልከቱ፤ ያዩትን ይሣሉ። ሞቅ ያለው ቦታ ያለው ይቀድማል፤ ቅዝቃዜው ጥቃቅኖቹን ሕያዋን ያዘገያቸዋልና። ልጆቹ በዚህ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ሌላውን እኩል አድርጎ መያዝ የምርመራ ሥርዓት መሆኑን ይማራሉ፤ ግምታቸው ሲሳሳትም ሳያፍሩ ማረምን ይማራሉ። ለአንድ ክርስቲያን ኅሊናም ይህ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አይተናነስም።

ጨረቃም አለች። ልጆቹ ለአንድ ወር ማታ ማታ ከመስኮት ሆነው ቅርጽዋን ቢሥሉ፣ ከሙሉ ጨረቃ እስከ ሙሉ ጨረቃ ሃያ ዘጠኝ ቀን ተኩል ያህል መሆኑን በገዛ ዐይናቸው ይደርሱበታል። ያን ጊዜ አባታቸው በባሕረ ሐሳብ የጨረቃ ወር አንዴ 30፣ አንዴ 29 ቀን ሆኖ የሚቈጠርበትን ምክንያት ሊነግራቸው ይችላል። ከአገራቸው ርቀው ያደጉ ልጆች የአባቶቻቸው ጥበብ ከሰማይ ጋር የተቈራኘ መሆኑን በዚህ ያውቃሉ።

ስንመርጥ

ለልጃችንና እንደ እርሷ ለሚያስቡ ወላጆች ከመግዛታቸው በፊት እነዚህን ጥያቄዎች እንዲጠይቁ እንመክራለን።

1. መጽሐፉ ስለ ምድር ዕድሜና ስለ ሕያዋን ታሪክ የሚናገረው ምንድን ነው? ሌላውን ገጽ ሁሉ ለማንበብ ጊዜ ቢጠፋ ይህ ምዕራፍ አስቀድሞ ይነበብ።

2. ልጁ በእጁ የሚሠራው፣ በዐይኑ የሚመለከተው ነገር አለውን? ወይስ ቃል መሙላት ብቻ ነው?

3. ሙከራዎቹ በቤት ውስጥ በሚገኝ ዕቃ የሚሠሩ ናቸውን? ዕቃው አብሮ የሚላክ ከሆነስ ሲያልቅ መተካት ይቻላልን?

4. ዝግጅቱ በደከምንበት ሳምንትም ሊከፈት የሚችል ነውን? ወይስ በብርታታችን ቀን ብቻ?

5. ወላጅን ከልጁ ጋር ያስቀምጠዋልን? ወይስ ከልጁ ያርቀዋል?

እነዚህን አምስቱን ያለፈ መጽሐፍ ቀላል ቢሆን እግዚአብሔር ይመስገን፤ ይገዛ። ይህን አሳብ ለእርሷ በላክንላት ጊዜ አንድ ነገር አከልንበት፦ «ልጃችን፣ አንድ ቀን ይህንም ቀላሉን መሸከም ቢያቅትሽ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት መላክ ከአደራሽ መሸሽ አይደለም። ያን ጊዜም ማታ ማታ በሊጡ ፊት የምትጠብቃቸው እናታቸው አንቺው ነሽ።»

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ ይህ ሁሉ ለእናንተም የተነገረ ነው። ቀላሉን መጽሐፍ ያዙ፤ የሕፃናቱን እውነትና የሕፃናቱን ጥያቄ ግን አታቃሉ። ያ ልጅ ዛሬ ጐልማሳ ሆኖ የት እንዳለ አናውቅም። በመካከላችሁ እጁን የሚያነሣ ልጅ ሲገኝ ግን ስለ እርሱ ብላችሁ አድምጡት፤ መልሱን ባታውቁት «አላውቅም፤ አብረን እንፈልገው» በሉት። ለሰሎሞን ጥበብን የሰጠ አምላክ ለደከሙ ወላጆችና ለመምህራን ሁሉ ብርታትንና ማስተዋልን ይስጥልን። አሜን።